የመጥሪያ ዜማ

ዜማው ሲጀምር እየላጠችው የነበረውን ድንች ከነቢላዋው ማጠቢያው ውስጥ ጥላ ሮጠች። ኮሪደሩ አጭር ነው፤ እሷ ግን መሮጥ ለምዳለች፤ ተረጋግታ የሄደችባቸውን ቀናት ከነመዘዛቸው ታስታውሳቸዋለች። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ እናቷ አንሶላውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ አፋቸውን በትንሹ ከፍተው ተኝተዋል። እጇን ብርድ ልብሱ ስር ሰደደች። ደረቅ ነው። ዜማው ግን አልቆመም። ሦስት ጊዜ ሽቅብ ወጣ፣ ሦስተኛው ላይ ተንጠለጠለ፣ ቆየ፣ ከዚያ እንደገና ከታች ጀመረ። ድምፁ የእናቷ ነው፤ ያ ሻካራ፣ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ፤ «እንግዲህ» የምትለዋም ቃል አለችበት። እናቷ ግን ተኝተዋል። ለአፍታ የራሷን ጤንነት ተጠራጠረች። ከዚያ መስኮቱን ከፈተች። ዜማው የሚወርደው ከላይኛው ፎቅ፣ ከጎረቤቷ መስኮት ነበር፤ አብሮትም የሴትዮዋ ትንፋሽ ይሰማል፣ ወደ ውስጥ ሲሳብ፣ ወደ ውጭ ሲለቀቅ፣ ልክ የብስክሌት ጎማ እንደሚነፋ ሰው።

ከዚህ በኋላ ስለዚህ ዜማ ብዙ ሰው ብዙ የሚያምር ነገር ይናገራልና እውነቱን አስቀድሞ ማስቀመጥ ይሻላል። ዜማው አንዲት አሮጊት ሽንታቸው ሲመጣ ልጃቸውን የሚጠሩበት ነው። ሌላ ሥራ የለውም። እናትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበሩ፤ ወረቀቱን የጽሕፈት መኪናው ላይ ጠምጥመው «እንግዲህ» ይሉና የሰው ዕጣ መጻፍ ይጀምራሉ። ፍርዱን የሚጽፉት ሳይሆን የሚሰጡት ስለሚመስሉ የመሥሪያ ቤቱ ሰው «ዳኛዋ» ይላቸው ነበር። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሲሆን ቃሉ ሁሉ አብሮ ጠፋ፤ ያቺ አንዲት ቃል ብቻ ቀረች። ሲጠማቸው እንግዲህ፣ ሲናደዱ እንግዲህ፣ የሟች ባላቸውን ፎቶ ሲያዩ እንግዲህ። ልጅየዋ ለወራት በግምት ኖረች፤ በግምት አጠጣች፣ በግምት ገለበጠች፣ በግምት ዘገየች። አንድ ጠዋት ጀርባቸውን እያጠበች ሳታስበው ስታንጎራጉር እናትየው ተቀበሏት፤ ቃሉ ያው እንግዲህ ነው፣ ዜማው ግን አንዲት ቦታ እንኳ አልተዛነፈም። ለሆስፒታሉ ነርስ ስትነግራት አልተገረመችም። ንግግርና ዜማ ጭንቅላት ውስጥ አንድ ክፍል አይከራዩም፣ የአንዱ ቤት ሲቃጠል የሌላው ይተርፋል አለቻት፤ ተጠቀሚበት።

ተጠቀመችበት። የምትኖረው ቤት ውስጥ ልብስ እየሰፋች ነው፤ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የመጋረጃ ጠርዝ ትቀምቅማለች። እግሯ ፔዳሉ ላይ፣ ዓይኗ መርፌው ላይ እያለ ጭንቅላቷ ሥራ ፈት ነበር፤ ሥራ ፈት ሲሆን ደግሞ ንዴት ይፈለፍላል፤ ያላገባችውን ባል፣ የተወችውን የፋርማሲ ሥራ፣ እንደ እንግዳ በወር አንዴ ብቅ የሚለውን ወንድሟን። በንዴቱ ቦታ ዜማ መሥራት ጀመረች። ለውሃ ቁልቁል የሚወርድ አጭር ዜማ። ገልብጪኝ ለማለት ግራና ቀኝ የሚዋዥቅ። መብራት አጥፊልኝ ለማለት እየደከመ የሚከስም። ለራሷም «መጣሁ» የምትልበት አንድ ከፍ አንድ ዝቅ የሚል ምላሽ ሠራች። ለሽንት ግን ብዙ ለፋች። ዳኛዋ በደህናው ጊዜ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሽንት ቤት ሲሄዱ እንኳ ፋይል ይዘው ነበር የሚወጡት፣ ለሥራ የሚሄዱ እንዲመስል። ዳይፐር ቢያደርጉላቸው በደህናው እጃቸው ቦጫጭቀው ይጥሉታል። ስለዚህ ከሁሉ የሚያምረው ዜማ የዚህ መሆን ነበረበት፤ እንግዳ ቢቀመጥ፣ ጎረቤት ቢያዳምጥ፣ አሮጊቷ አንድ የድሮ ነገር ትዝ ብሏቸው ያንጎራጉራሉ እንጂ ሌላ እንዳይጠረጥር። የስፌት መኪናው እየጮኸም እንዲሰማ ሦስት ጊዜ ሽቅብ አወጣችው። እናትየው መጀመሪያ ሲሰሙት ደህናው የፊታቸው ግማሽ ሳቀ። ልጅየዋ ከዚያ ቀን ወዲህ ሐኪም ያዘዘላትን የእንቅልፍ ክኒን መሳቢያ ውስጥ ረሳችው። ሙዚቃ ሰው ያድናል ከተባለ እንግዲህ አንድ ጊዜ፣ በዚህች ክፍል፣ በፕላስቲክ የሽንት መያዣ ዙሪያ አድኗል፤ ቲኬት ሳይቆረጥለት።

ቲኬቱን ያመጣው ወንድሟ ነው። ኢንሹራንስ ይሸጥ ነበር። ሰው የሞት መድን መግዛት ሲሰለቸው የኑሮ መድን መሸጥ ጀመረ፤ «ራስን በዜማ መፈወስ» ይለዋል፤ ሰዉም አሠልጣኝ ለማለት «ኮች» ይለዋል። አንድም መሣሪያ አይጫወትም፤ ሲዘፍን የሚሰማው ሰው ጫማውን ያያል፤ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ይችላል፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ባለፈው ወር ሊጠይቅ መጥቶ፣ እህቱ ክር ልትገዛ ስትወጣ፣ ከእናቱ ጋር ብቻውን ቀረ። እናትየው ዓይን ዓይኑን እያዩ ያዜሙለት ጀመር። ስልኩን አውጥቶ ቀረጻቸው። ባላቆሙ ቁጥር ደስ አለው፤ ዜማው እየፈጠነ፣ እየጠነከረ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ልቅሶ ሲጠጋ እሱም አለቀሰ። ከዚያ ግንባራቸውን ስሞ፣ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ሄደ። እህቱ ስትመለስ አንሶላውንም፣ ፍራሹንም፣ የሌሊት ልብሱንም አጠበች። ሰውየው እናቱ ውሰደኝ እያሉ ሲለምኑት ቀርጾ፣ «እናቴ ስታየኝ ከልቧ የፈለቀ ዜማ» የሚል ርዕስ ሰጥቶ ለሕዝብ ለቀቀው። ሕዝቡም ተፈወሰበት።

እዚህ ላይ ለልጅየዋም ልናዝንላት አይገባም። ቪዲዮውን ስታይ ደሟ ፈላ፤ ስልኩን አንስታ ልትሰድበው ቁጥሩን ፈለገች። ከዚያ ሰዎች ከስሩ የጻፉትን አነበበች። አንዱ ዜማው የሞተ ወንድሙን እንዳስታወሰው ጽፏል። አንዷ ይህን የደረሰ ሰው የተለየ ፍጥረት መሆን አለበት ትላለች። ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ ስለ ቀጥ ያለ ስፌት እንጂ ስለ ሌላ ነገር ተመስግና አታውቅም፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ደውላ አልተሳደበችም። እሱ ነው የደወለው፤ ትልቅ አዳራሽ ተይዟል፣ እማዬ መድረክ ላይ ትወጣለች፣ ዜማውን የሠራችው እህቴ ናት ብዬ ስምሽን በማይክራፎን እጠራለሁ አላት። ዜማው ለምን እንደሆነ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቀም። እሺ አለች። ቀኑ ዛሬ ነው።

ድንቹን ትታ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች። ጎረቤቷ ጡረታ የወጣች የባንክ ሠራተኛ ናት፤ በሩን ስትከፍት ወለሉ ላይ ሐምራዊ የስፖርት ምንጣፍ ተዘርግቷል፣ ስልኩ መጽሐፍ ተደግፎ ቆሟል፣ የእናቷ ፊት ስክሪኑ ላይ አፉን ይከፍታል። እናትየው ሆስፒታል ሲወሰዱ ይህች ሴት ቃሬዛው እስኪያልፍ ደረጃው ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንዴት ናቸው ብላ አንድ ቀን ደረጃ ወርዳ አታውቅም። አሁን ግን እጇን በሁለት እጇ ያዘቻት። እንቅልፍ እንዳልነበራት፣ ልጆቿ እንደማይደውሉላት፣ ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ስትነሳ እሳቸውን፣ ምሳ ስትበላ እሳቸውን፣ ማታም እሳቸውን እንደምትሰማ ነገረቻት። ልጅየዋ ድምፁን ትንሽ ቀነስ ቢያደርጉልን አለች፤ ካልሆነም በጆሮ ማዳመጫ። የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ።

«እናንተ ቤት ሁልጊዜ በነፃ አለ፣ የኔ ልጅ። እኛ ጥቂት ብንሰማ ምነው ቀናሽ?»

እውነቱን ብትናገር እናቷን ማራቆት ነው። ዜማው የተሠራው ይህች ሴት እንዳታውቅ ነው፤ እንዳታውቅ ሆኖ በመሠራቱም ነው የወደደችው። ይቅርታ ጠይቃ ወረደች።

እስከ ምሳ ድረስ ደጋግማ ሮጠች። ሁሉም ከንቱ ነበር። ነገ የምታስረክበው የመጋረጃ ሥራ አለባት፤ ሰማያዊ፣ ከባድ፣ ከጠረጴዛው ላይ በራሱ ክብደት የሚንሸራተት ጨርቅ ነው፤ በተነሳች ቁጥር እየተጣጠፈ ወለል ይወርዳል፣ በተመለሰች ቁጥር ስፌቱ ካቆመችበት ይጣመማል። እናቷ እያዩዋት ምን ያሯሩጥሻል በሚል ዓይን ቅንድባቸውን ያነሳሉ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ዜማው እንደገና ሲነሳ እግሯ ከፔዳሉ ሊነሳ ብሎ ቆመ። ይቺ ሴት ደግሞ ምሳዋን ልትበላ ነው፣ አለች በልቧ። እግሯን መልሳ ረገጠች። መኪናው ጮኸ። ዜማው ከመኪናው በላይ ወጣ፣ ተንጠለጠለ፣ ተደገመ፣ ተደገመ። ጥርሷን ነክሳ ሰማያዊውን ጠርዝ እስከ ጫፉ ቀመቀመች። ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ዜማው መሃል ላይ ተቋረጠ። የስልኩ ዜማ መሃል ላይ ተቋርጦ አያውቅም።

እናትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ልጅየዋ «መጣሁ» የሚለውን ዜማ እያሰማች ገባች፤ ድምፁ በራሷ ጆሮ እንኳ እንደ ስድብ ተሰማት። አልመለሱላትም። አንሶላውን ስትስብ፣ ስታጥባቸው፣ ስትገለብጣቸው፣ ደረቅ ልብስ ስታለብሳቸው አንዴም ዓይኗን አላዩም። የተቆጡ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ የዳኛዋን ቁጣ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች፣ ይመጣል፣ ያልፋል። ይህ ግን ሌላ ነው። ቃል አጥተው ዜማ ያገኙ ሴት ዜማውም እንደማያደርስ የገባቸው ጊዜ የሚይዙት ዝምታ ነው። ውሃ አቀረበችላቸው፤ የውሃውን ዜማ ራሷ ጀመረችላቸው። ከንፈራቸውን ገጠሙ።

ወንድሟ ከሰዓት በኋላ ከሹፌር ጋር መጣ። በአንድ እጁ ነጭ ሹራብ ይዟል፤ በመድረክ መብራት ነጭ ያምራል አለ። ክፍሉ ውስጥ የቀረውን የሳሙናና የሽንት ሽታ ሲያገኘው በአፉ መተንፈስ ጀመረ፤ ስለ ትንፋሽ ሰው ሲያስተምር የሚውል ሰው። አልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

«እማዬ፣ ዛሬ ስንቱን ሰው ልትፈውሺ ነው። እንሂድ?»

«እንግዲህ» አሉ እናትየው፣ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳይመልሱ።

«አየሽ» አለ ወደ እህቱ ዞሮ፣ «ፈቃደኛ ናት።» አንድ ቃል ብቻ የቀረውን ሰው ፈቃድ እንደ ማግኘት ቀላል ነገር የለም።

ወደ ኩሽና ጠራችው፤ በሩን ከኋላው ገጠመች። ሻይ ቀዳችለት። ወንድምና እህት በዚያ ቤት ውስጥ ሻይ እየጠጡ የሚያወሩት ስለ ቧንቧው፣ ስለ አከራዩ፣ ስለ ዳይፐር መወደድ ነው፤ ዳይፐር የማይጠቀሙ ቢሆንም ስለ ውድነቱ ማውራት እሱን ሃላፊነት የሚጋራ ያስመስለዋል። ዛሬ ያንን ዘለለችው።

«ያ ዜማ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ዜማን የሚያውቀው የሰማው ሰው ነው፣ እትዬ።»

«ሽንቴ መጣ ማለት ነው። ያን ቀን ስትቀርጻት ውሰደኝ እያለችህ ነበር።»

ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ ማዞር አቆመ። ቧንቧው ይንጠባጠባል። ለትንሽ ጊዜ ፊቱ ላይ ያ ድሮ ጠርሙስ ሰብሮ ከእሷ ጀርባ የሚደበቀው ልጅ መጣ፤ አየችው፤ አንድ ቃል ከአፉ ቢወጣ፣ ውይ እንኳ ቢል፣ ሁሉንም ይቅር ልትለው ተዘጋጅታ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለማን ነገርሽ?» አለ።

«ለማንም።»

«እንዳትናገሪ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ለደንበኞቹ የሚያደርገውን ድምፅ። ሰዎች እየዳኑበት ነው አላት፤ ምንጩ የት ሆነ የት፣ የሚጠጣ ሰው ጉድጓዱን አይመረምርም። ደግሞ አዳራሹ ሞልቷል፣ ስፖንሰሮች አሉ፣ አሁን ቢቀር ስሙ ይጠፋል። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ነው የሚያወራው። እሷም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ አጠገቧ እቀመጣለሁ አለች፣ ብትጠራ ልሰማት ይገባል። መድረክ ላይ፣ ልክ ከጎኗ አላት፤ ስምሽንም እጠራለሁ። በዚያ ሰዓት እምቢ ማለት ትችል ነበር። ብርጭቆውን አጠበችና ደፋችው።

አዳራሹ የአንድ ሆቴል ምድር ቤት ነው። ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል፣ በየወንበሩ ስር አንድ አንድ ጠርሙስ ውሃ ተቀምጧል። የመግቢያው ዋጋ በር ላይ ተለጥፏል፤ ልብስ ሰፊዋ ስንት መጋረጃ እንደሚሆን ማስላት ጀምራ ተወችው። ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ የሰካች አንዲት አስተባባሪ ተሽከርካሪ ወንበሩን ከእጇ ተቀብላ ገፍታ ወሰደችው። እሷን ግን አስቆመቻት። መድረክ ላይ መቀመጫ የለም፣ ፊት ያለው ለስፖንሰሮች ነው፣ ደግሞ ያ ቦርሳ ምንድን ነው? ቦርሳው ውስጥ ቅያሪ ልብስ፣ ፎጣና በፌስታል የተጠቀለለ የሽንት መያዣ ነበር። የግል ዕቃ ነው አለች። በመጨረሻው ረድፍ በሩ ጋ አስቀመጧት። ከዚያ ሆና እናቷ መብራቱ ውስጥ አንድ ነጭ ነጥብ ነበሩ።

ኮቹ በባዶ እግሩ ወጣ። ከመሬት ጋር ለመገናኘት ነው አለ፤ ከስሩ ያለው ግን ከእንጨት የተሠራ መድረክ ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ ነው። ስለ ቁስል ተናገረ። ሁላችንም ውስጥ ያልተዘፈነ ዘፈን አለ አለ። ፊት ረድፍ የተቀመጠ፣ በዚያው ሳምንት ሠራተኛ በጅምላ ያባረረ የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ራሱን በሐዘን ነቀነቀ፤ አብራው ያለችው ሴት መሐረብ አወጣች። እነዚህ ሰዎች ክፉ አይደሉም ይባል ይሆናል። አይደሉም፤ ማልቀስ የሚፈልጉት የሚያስለቅሰውን ነገር ሳያዩ ነው እንጂ። ቤታቸው የታመመ አጎት፣ ያልተጠየቀች እናት ያላቸው ሰዎች የሰው እናት ለማየት ከፍለው ገብተዋል፤ የሰው እናት ደግሞ ሽታ የላትም፣ መስተዋት ጀርባ እንዳለ ኬክ ናት። ከዚያ ኮቹ እጁን በእናቱ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

«እናቴ ቃል የላትም» አለ። «አንዲት ቃል ብቻ አላት፤ እንግዲህ። እንግዲህ ማለት መቀበል ነው። እንግዲህ ማለት ይቅርታ ነው። ይህንን ዜማ የሠራችው ለእኔ ነው።»

መጨረሻ ረድፍ ያለችው ሴት የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ጠበቀች። አልመጣም። እናቱን ጎንበስ ብሎ እንዲጀምሩ ለመናቸው፤ ማይክራፎኑን ወደ አፋቸው አስጠጋ። እናትየው ከንፈራቸውን እንደ ገጠሙ ናቸው፤ ከምሳ ጀምሮ አልከፈቱትም። ሕዝቡ ሳል ሳል አደረገው፣ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ኮቹ ግን ሻጭ ነው፤ ባዶ እጁን የሚቀር አይደለም። እናቴ ዛሬ ዜማውን ለእናንተ ሰጥታችኋለች አለ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ እኔ እስክላችሁ እንዳትከፍቱ፣ እናንተ ስጧት። ራሱ ጀመረው፣ ከቅኝት ወጥቶ፤ አዳራሹ ተቀበለው። ያ ሁሉ ሕዝብ ዜማውን ከየስልኩ አጥንቶት ነበር። ሦስት ጊዜ ሽቅብ ወጡ፣ ሦስተኛው ላይ ተንጠለጠሉ፤ ወንበሩ፣ ግድግዳው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ሳይቀር ሽንቴ መጣ እያለ ተንቀጠቀጠ።

ልጅየዋ ዓይኗን አልጨፈነችም። ስሟ አለመጠራቱን ገና እያሰበች ሳለ፣ የእናቷ አፍ ሲከፈት አየች። ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጆሮዋን ሰጠች፤ ምንም አይለይም። ከዚህ ሁሉ ዜማ ውስጥ የትኛው የእሳቸው ነው? ራሷ በሠራችው ነገር ተከባ፣ በሁሉም በኩል እየተጠራች፣ የሚጠራትን አንድ ሰው መስማት አልቻለችም። ያኔ ደህናውን እጃቸውን አየች። ግራ እጃቸው ከወንበሩ ክንድ ወርዶ ጎናቸው ያለውን አየር ይዳብሳል፤ ሁልጊዜ እሷ የምትቆምበትን ቦታ፤ ወገቧ የሚገኝበትን ከፍታ። ስንቱን ፍርድ ያለ ስህተት የጻፈ እጅ ነው።

ቦርሳዋን አንስታ በመተላለፊያው ሄደች። በግራ በቀኝ የተጨፈኑ ፊቶች፣ የተከፈቱ አፎች። ማዳመጫ የሰካችው እጇን ልትዘረጋ ብላ የልጅየዋን ዓይን አይታ ሰበሰበችው። መድረኩ ላይ ስትወጣ ወንድሟ አያት፤ ምን ልታደርግ እንደመጣች አስቦ ፊቱ ጠቆረ፤ ማይክራፎኑን ከእሷ አራቀና በችኮላ፣ በዚያ በለሆሳስ ድምፁ፣ «ይህችም እህቴ ናት፤ ዜማውን የሠራችው በእርግጥ እሷ ናት» አለ። ያለው ማንም ለማያይበት፣ ሁሉም በራሱ ድምፅ ለደነቆረበት አዳራሽ ነው። አላቆማትም። ጎንበስ ብላ «መጣሁ» የሚለውን በእናቷ ጆሮ አዜመች፣ የወንበሩን ፍሬን አላቀቀች። ዘግይታለች። ከወንበሩ ስር ጀምሮ ምንጣፉ ጠቁሯል፤ ጥቁረቱ ቀስ እያለ ሰፍቶ ከመሬት ጋር ለመገናኘት ወደ ተራቆተው እግር ደርሷል። ወንድሟ ቁልቁል አየ። አልተንቀሳቀሰም። ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን በትእዛዝ ጨፍኖ ስለነበር የዳኛዋን ነገር ማንም አላየም፤ ሰውየው በሕይወቱ ለእናቱ የዋለው ትልቁ ውለታ ይህ ነው፣ የዋለውም ሳያውቅ ነው።

ወደ ኋላ በር ገፍታ ስታወጣቸው ዓይናችሁን ክፈቱ ሲል ሰማች። ከዚያ ጭብጨባ መጣ፣ እየበረታ፣ ወንበር እየተገፋ፣ ቆመው። ቆመው ያጨበጨቡት ለባዶ ቦታ ነው። ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ የእናቷን ልብስ ስትለውጥ፣ አንዲት ሴት በኮሪደሩ እያለፈች ለጓደኛዋ ትናገራለች፤ መጥፋታቸው ነው የገደለኝ፣ አለች፣ ዓይኔን ስከፍት የሉም፣ ሁሉን መልቀቅ ማለት እንዲህ ነው። እናትየው ሰምተዋል። ልጅየዋን፣ ከምሳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀና ብለው አዩዋት።

ምሽት ላይ ቤት ገብተው፣ ነጩ ሹራብ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ፣ ሰማያዊው መጋረጃ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሎ፣ ሾርባ ትሰጣቸው ጀመር። በደህናው እጃቸው ራሳቸው ነው የሚበሉት፤ እሷ ሳህኑን ትይዛለች። ወንድሟ መልእክት ልኳል፤ ስለ ምንጣፉ አንድም ቃል የለውም፣ ባዶው ቦታ በጣም እንደተወደደና ለሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሐሳብ እንዳለው ብቻ ነው። ስልኩን ገለበጠችው። በዚህ ጊዜ ላይኛው ፎቅ ዜማው ጀመረ። ሦስት ጊዜ ሽቅብ ወጣ፣ ተንጠለጠለ። ልጅየዋ በልማድ ልትነሳ ቃጣትና እናቷን አየች። እናቷም እሷን አዩዋት። አዲስ ዜማ እሠራልሻለሁ ልትል ነበር፤ ከዚህ የበለጠ፣ ማንም የማይቀርጸው። አፏን ከመክፈቷ በፊት እናትየው ማንኪያውን ከሾርባው አውጥተው የአልጋውን ብረት መቱበት።

አስቀያሚ ድምፅ ነው። ልጅየዋ አልገባትም። እናትየው እንደገና መቱት፤ በአገጫቸው አልጋው ስር ያለውን የፕላስቲክ ዕቃ አሳዩዋት። በጊዜው አደረሰችው። ሲጨርሱ፣ ሲደርቁ፣ ትራሳቸው ሲስተካከል፣ ምንም ሳይፈልጉ እንደገና መቱት። ደህናው የፊታቸው ግማሽ ሳቀ። ደገሙት፤ የድሮውን የጽሕፈት መኪና ይመስል እየፈጠኑ፣ እየጠነከሩ፣ ከላይ የሚመጣውን ዜማ እየቆራረጡ። በጣሪያው በኩል የእግር ዱካ ተሰማ፤ ቀጥሎ መስኮት ተከፈተ።

«ኧረ እባካችሁ! እዚህ ሰው እያረፈ ነው!» አለች የላይኛዋ ጎረቤት።

ልጅየዋ መስኮቱን አልዘጋችም። ማንኪያውን ከእናቷ እጅ ወስዳ አገላብጣ አየችው፤ ትንሽ ናት፣ ቀጭን። ወደ ኩሽና ሄደችና ትልቁን የብረት ጭልፋ ይዛ ተመለሰች። እናትየው በግራ እጃቸው ተቀብለው ክብደቱን መዘኑት።

«እንግዲህ» አሉ ዳኛዋ፣ ያለ አንዳች ዜማ።